አሥረኛዋ መርፌ

ኤርካሎ ኤርሳዶ የራጅ ፊልም አጣቢ የሆነው ጨለማ ክፍል ውስጥ መዋል የሚፈልግ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነበር። ከጉኑኖ ወደ ሶዶ የወጣው በሚሲዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍልን ጨርሶ፣ ጸሐፊ እሆናለሁ ብሎ ነው። ጸሐፊነቱ አልሆነለትም። በከተማው ዳር፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በነበረ አንድ ትንሽ ሐኪም ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ገባ። በ1946 ዓ.ም. የራጅ መሣሪያው በጭነት መኪና ተጭኖ ሲመጣ፣ የቤቱ የመጀመሪያ ሐኪም የነበረው ፈረንጅ ሠራተኞቹን ሰብስቦ በአስተርጓሚ «ጨለማ የማይፈራ ማነው?» ሲል ጠየቀ። ሁሉም አቀረቀሩ። ኤርካሎም አቀርቅሮ ነበር፤ የተነካው ትከሻ ግን የእሱ ነው።

ጨለማ ክፍሉ ከአንድ ትልቅ ቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም። አንድ ቀይ አምፖል፣ ሁለት ገንዳ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ፊልም የሚሰቀልበት ገመድ፤ ያለው ይኸው ነው። ኤርካሎ ፊልሙን ከመያዣው አውጥቶ በመጀመሪያው ገንዳ ይነክራል፤ በልቡ እየቆጠረ ይጠብቃል፤ በሁለተኛው ያጥብና ይሰቅለዋል። የመድኃኒቱ ሽታ ልብሱን ለቆት አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እንኳ ጎኑ የሚቀመጡት ሰዎች አፍንጫቸውን ያሻሉ።

በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማንም ሳያስተምረው ፊልም ማንበብ ቻለ። በዚያ ቀይ ብርሃን ሥር ሳንባው የተበላውን ሰው ከዶክተሩ ቀድሞ ያውቀዋል። አይናገርም፤ መናገር የእሱ ሥራ አይደለም። በኮሪደሩ ላይ ከበሽተኛው ጋር ሲተላለፍ ዓይኑን ይሰብርና ያልፋል። ሚስቱ ሣራ «ገና በሠላሳ አምስት ዓመትህ ምን ያስረጅሃል?» ትለው ነበር።

ድካሙ የባሰበት በ1953 ዓ.ም. ነው። መስቀል ካለፈ ጀምሮ ፊልሞቹ ይበላሹ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ስስ ግራጫ ነገር ይለብሳሉ፤ ልክ ማለዳ ዳሞታ ላይ እንደሚተኛው ጉም። ወር በገፋ ቁጥር ጉሙ ይጠቁራል። የተሰበረ ክንድ መሰበሩ አይለይም። ፊልሙ ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ስንት ጊዜ ተለምኖ የሚመጣ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ታሞ ወደ አገሩ ከሄደ ዓመታት ተቆጥረው ነበር። በእሱ ቦታ የተተካው ሽማግሌ ዶክተር አማርኛን እንደምንም ይናገራል፤ ሲቆጣ ግን አይንተባተብም።

«ብርሃን አስገብተሃል!»

«አላስገባሁም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ይህ ምንድን ነው? ፊልም ራሱን አያበላሽም!»

ኤርካሎ የበሩን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፈ። መጋረጃውን በሁለት ብርድ ልብስ ለወጠው። የቁልፉን ቀዳዳ በሰም ደፈነው። አምፖሉን በቀይ ጨርቅ ላይ ቀይ ጨርቅ ደርቦ ሸፈነው። የገንዳውን ውሃ በቀን ሦስት ጊዜ ቀየረ። ጉሙ ንቅንቅ አላለም። በሁለተኛው ዓመት የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ ገብረአማኑኤል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅተም አድርጎበት ሰጠው፤ «ሥራውን በቸልተኝነት የሚያከናውን» ይላል። ደብዳቤውን አጥፎ ወደ ቤቱ ወሰደና ለሣራ አነበበላት።

«ተወው» አለችው። «ወደ ጉኑኖ እንመለስ። የጓሯችን ቦይናና እንሰት አይከሱንም።»

«እንሄዳለን» አላት። ግን አልሄደም። ለምን እንዳልሄደ ቢጠየቅም አያውቀውም። ጠዋት ይነሣል፣ እግሩ ወደዚያው ይወስደዋል።

የ1954 ዓ.ም. ክረምት ከባድ ነበር። በሐምሌ የጨለማ ክፍሉ ጣሪያ አፈሰሰ። ኤርካሎ ያልተከፈቱ ሁለት የፊልም ካርቶኖችን አንሥቶ ወደ ካርድ ክፍሉ አዛወራቸው፤ ደግሞ ፊልም አረጠበ ብለው እንዳይከሱት ነው። ጣሪያው ተጠግኖ ከነዚያ ካርቶኖች የመጀመሪያውን ፊልም ሲያጥብ ግን እጁ ላይ ያለውን ማመን አቃተው። ጥርት ያለ የሰው እጅ ነበር፤ የጣቶቹ አጥንት አንድ በአንድ የሚቆጠር። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛውን ከድሮው፣ ከመደርደሪያው ካርቶን አወጣ። ጉም።

ገንዳው አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ፣ አምፖሉ አንድ፣ እጁም የእሱው እጅ ነው። የተለየው ፊልሙ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው።

ከደህናው ካርቶን ሦስት ፊልም አወጣና በጥቁር ወረቀት ጠቀለላቸው። አንዱን መደርደሪያው ላይ ግድግዳውን አስጠግቶ፣ ሁለተኛውን ከክፍሉ ማዶ፣ ሦስተኛውን በካርድ ክፍሉ አስቀመጣቸው። አምስት ቀን ጠበቀ። በስድስተኛው ቀን ሦስቱንም አጥቦ፣ ገና ውሃቸው ሳይንጠፈጠፍ ለዶክተሩ ይዞለት ሄደ።

«ግድግዳው ነው» አለው።

ዶክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሦስቱን ፊልሞች በመስኮቱ ብርሃን ተራ በተራ አያቸው። ከግድግዳው ሥር የነበረው ጥቁር ነው፤ ከማዶ የነበረው ግራጫ፤ የካርድ ክፍሉ ንጹሕ። አፉን መልሶ ዘጋው።

«ከግድግዳው ወዲያ ምን አለ?»

«የፊተኛው ሐኪም ዕቃ። ተቆልፎበት የኖረ ክፍል ነው።»

ቁልፉ ያለው ዕቃ ቤት ጠባቂው ደገፉ ጋ ነበር። ደገፉ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት የተከበረ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ቁልፉን ከዘለበቱ ፈልጎ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

ውስጡ ምስጥ የበላው መጽሐፍ፣ እግሩ የተሰበረ አልጋና የዛገ ምጣድ የሚመስል የመሣሪያ ክዳን ተከማችቷል። ከጨለማ ክፍሉ ጋር በሚጋራው ግድግዳ በኩል፣ በኤርካሎ መደርደሪያ ትክክል፣ አንድ የእንጨት ሣጥን ክዳኑ ተነሥቶ ተቀምጧል። በውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የብረት መደርደሪያ አለ፤ በቀዳዳዎቹ ወፈር ያሉ፣ ነጣ ያሉ አጫጭር መርፌዎች ተሰክተዋል። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ በክዳኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበ። ከዚያ በራሱ ቋንቋ ጮኸና ሁለቱንም በትከሻቸው እየገፋ ወደ ደጅ አወጣቸው። በሩን ዘግቶ ሲያበቃ ትንፋሽ አጥሮት ነበር።

«ራዲየም ነው» አለ። «ለሰውነት ዕጢ ማከሚያ ነው። ዕጢው ላይ ይሰኩታል፣ ያቃጥለዋል። ያለ ሞተር፣ ያለ መብራት ቀንም ሌትም ራጅ ያወጣል። ከአጠገቡ የሚኖረውን ሰው ደግሞ ያቆስላል።»

«ማጥፊያ የለውም?» ሲል ጠየቀ ኤርካሎ።

«የለውም።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«እኔም አንተም፣ የልጅ ልጆችህም ካለፉ በኋላ ይኖራል።»

ኤርካሎ የተዘጋውን በር ተመለከተ። «ደከመኝ የማይል ነገር ነው በሉኝ» አለ።

ዶክተሩ አልሣቀም። «ቀዳዳው አሥር ነው፤ መርፌው ዘጠኝ። አሥረኛዋ የታለች? ደግሞ ይህ ነገር የሚቀመጠው በወፍራም እርሳስ ዕቃ ውስጥ ነው። እንደ አረር የሚከብድ ዕቃ። እሱስ የታል?»

ሁለቱም ወደ ደገፉ ዞሩ።

«እኔ አላውቅም» አለ ደገፉ። የቁልፉን ዘለበት በሁለት እጁ ይዞ ነበር።

አገሩ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር የሚለካ መሣሪያ የት እንደሚገኝ ዶክተሩም አያውቅም። ዘዴውን የፈጠረው ኤርካሎ ነው። ፊልም እያበላሸ ሁለት ዓመት ካስከሰሰኝ፣ ያው ፊልም ደግሞ መርፌዋ ያለችበትን ይንገረን አለ። ፊልሙን በመዳፍ ልክ ቆራረጠ፣ በጥቁር ወረቀት ደጋግሞ ጠቀለለ፣ ቁጥር ጻፈበት። በወንዶች ክፍል፣ በሴቶች ክፍል፣ በወጥ ቤቱ፣ በመድኃኒት ቤቱ፣ በልብስ ማጠቢያው፣ በደገፉ ቢሮ ሳይቀር ሰቀለው። በሽተኞች «ምንድን ነው?» ሲሉት «የአይጥ ነገር ነው» ይላቸዋል። ማስረዳቱ ከሥራው ይበልጥ ያደክመዋል። በማግሥቱ ሁሉንም ለቅሞ ያጥባል። የመጀመሪያው ቀን ንጹሕ፤ ሁለተኛውም ንጹሕ። በሦስተኛው ቀን ከስፌት ክፍሉ የለቀመው ቁራጭ ከገንዳው ሲወጣ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር።

ስፌት ክፍሉ የአሳየሽ ነው። አሳየሽ ከሃምሳ ያለፈች፣ ባሏ የሞተባት፣ አንገቷ ላይ ማተብ የማይለያት ሴት ናት። የሐኪም ቤቱን አንሶላ የምትጥፍ፣ ፍራሽ የምትሰፋ እሷ ናት። ኤርካሎ ሲገባ መሬት ላይ ተቀምጣ ጆንያ ትቀድ ነበር።

«እትዬ አሳየሽ፣ መርፌዎችዎን ያሳዩኝ።»

«ምነው፣ ሱሪህ ተቀደደ?»

«አይደለም። እንዲሁ ልያቸው።»

ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሰንበሌጥ ስፌት ቁራጭ በአገጯ አመለከተችው። ሰባት መርፌዎች ተሰክተውበታል። ስድስቱ ቡናማ ዝገት ጀማምሯቸዋል፤ ሰባተኛዋ ወፍራም ናት፣ ነጭ።

«እሷን እንዳትነካብኝ» አለች አሳየሽ። «የፍራሽ መርፌዬ ናት። ጫፏ ትንሽ ደነዝ ነው እንጂ ገመድ የሚያስገባ ዓይን አላት። ሁለት ክረምት አለፈባት፣ እስካሁን ዝገት አልነካትም። ደገፉ ነው የሰጠኝ፣ እግዜር ይስጠው።»

ኤርካሎ አሁን ያየው እጇን ነው። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች በጨርቅ ተጠቅልለዋል።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ሳሙናው ነው አሉኝ። ዓመት አለፈው። ድሬሰሮቹ ቅባት ይቀቡልኛል፤ ዳነ ስል ያገረሻል። ጥፍሬም ወለቀ።» ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋች። «አንተ ደግሞ ምን ታፈጣለህ? ሐኪም ሆንክ?»

«ይነሡ፣ እትዬ። ወደ ውጭ እንውጣ።»

«ሥራዬን ጥዬ?»

«ሥራውን ይተዉት። በእግዚአብሔር፣ ይነሡ።»

ደጅ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣትና የሚያውቀውን ነገራት። የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ እሱንም በምን ቃል እንደሚናገረው ጠፋበት። አሳየሽ ግንባሯን ቋጥራ አዳመጠችው።

«መርፌዋ ናት ያቆሰለችኝ?»

«አዎ።»

«ወግታኝ እንኳ አታውቅም እኮ» አለች።

ደገፉ ከወደ ዕቃ ቤቱ እየመጣ ነበር። ኤርካሎ በየክፍሉ ፊልም ሲሰቅል ሦስቱን ቀን ከሩቅ ሲከተለው ከርሟል። ሁለቱን አብረው ሲያያቸው ቆመ። ከዚያ ወንበር ሳይፈልግ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«የውሃ ጋኑ ቧንቧ አፍስሶ ነበር» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ሁለት ዓመቱ ነው። በሽተኛው ውሃ አጣ። የቧንቧ ሠራተኛው እርሳስ ካለ እደፍነዋለሁ አለኝ። ሣጥኑን ከፈትኩ፤ ባለቤቱ የማይመለስ ዕቃ ነው ብዬ እርሳሱን አቀለጥነው። መርፌዎቹ ዓይን አላቸው። እትዬ አሳየሽ መርፌ ይዝግብኛል ስትል ሰምቼ ነበር። ለመስረቅ አልነበረም። ለራሴ አልወሰድኩም።»

«ዶክተሩ ሲጠይቅህ ለምን ዋሸህ?» አለው ኤርካሎ።

«ፈራሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ልናገር ተነሥቼ ተቀምጫለሁ።»

አሳየሽ ነጠላዋን ሰብስባ፣ ያቺን እጇን በሌላው አቅፋ ወደ ቤቷ ሄደች።

እርሳሱ ቧንቧ ላይ ቀርቷል፤ መልሶ ማግኘት የማይታሰብ ነው። ዶክተሩ ከሐኪም ቤቱ ጓሮ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጉድጓድ አስቆፈረ። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ በርሜል አስገብተው በድንጋይና በሲሚንቶ ሞሉት፤ መካከሉ ላይ የብረት ቱቦ ተክለው ክፍት ቦታ ተዉለት። ሰዉ ሁሉ ከግቢው እንዲርቅ ተደረገ። ዘጠኙን መርፌዎች ከነመደርደሪያቸው በረጅም እንጨት ጫፍ ባለ ሽቦ አንጠልጥለው አውጥተው ወደ ቱቦው አወረዷቸው፤ ያ ቀላሉ ነበር። አሥረኛዋ ግን ለብቻዋ፣ በመቆንጠጫ መያዝ ነበረባት። መቆንጠጫውን በክንድ ልክ በትር ላይ አሰሩት።

ዶክተሩ በስፌት ክፍሉ ከሰንበሌጡ ፊት ቆሞ መቆንጠጫውን ዘረጋ። ሁምቦ ለክትባት ወርዶ ያመጣው ወባ ገና አልለቀቀውም፤ የመቆንጠጫው ጫፍ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል።

«ይስጡኝ» አለው ኤርካሎ።

«አይሆንም። አንተ ልጆች አሉህ። እኔ አርጅቻለሁ።»

«በዚህ እጅ ሣር ላይ ብትወድቅብዎት ስንፈልጋት ነው የምንውለው። ይስጡኝ፣ ዶክተር። እንጨርሰውና እንረፍ።»

ዶክተሩ ሰጠው። ኤርካሎ መርፌዋን ከሰንበሌጡ ነቅሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ አርባ እርምጃ ያህል ሄደ። አልሞቀችውም፣ አልበረደችውም። ክብደት የላት፣ ድምፅ የላት። ይህን ሁሉ መከራ ያመጣ ነገር እንዲህ መቅለሉ አበሳጨው። ቱቦው ውስጥ ስትገባ ቅጭል የሚል ድምፅ ሰማ። ዶክተሩ ሲሚንቶውን ገለበጠበት። ኤርካሎ ከዛፉ ሥር ተቀመጠ።

በርሜሉን እንዲወስዱት ወደ አዲስ አበባ ደብዳቤ ተጻፈ። መልስ አልመጣም። ሁለተኛ ተጻፈ፣ ሦስተኛም። በዚህ መሀል ከተማው ውስጥ ፈረንጁ ወርቅ ቀበረ የሚል ወሬ ተነሣ። ጉድጓዱን በእሾህ አጥረውት ነበር፤ አጥሩ ግን በየሳምንቱ ይነሣል። ከሰዎቹ ጋር የሚሟገተው ኤርካሎ ነው። «ወርቅ ቢሆን እኔ እዚህ ፊልም አጥባለሁ?» ይላቸዋል። ይህ ነገር ከማስጠንቀቂያ ሁሉ ይልቅ ሰዉን ያሳምነው ነበር።

የአሳየሽ ሁለት ጣቶች በኅዳር ተቆረጡ። ሌላ መንገድ አልነበረም ይላል ዶክተሩ፤ ሲቆርጥም ሲያለቅስ ያዩት አሉ። በቀኝ እጇ መስፋት የማትችል ሰፊ ምን ትሁን? ዕቃዋን አስጭና ቤሌ ወዳለችው እኅቷ ሄደች።

ፊልሞቹ ጠሩ። ማንም «ጠሩ» ብሎ አላነሣውም። ኤርካሎ የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ እንዲነሣለት ገብረአማኑኤልን ጠየቀው። ጸሐፊው ማኅደሩን ገልጦ ከልቡ አዘነለት። «ማስጠንቀቂያ የሚጻፍበት መዝገብ አለ፤ የሚሰረዝበት ግን የለንም» አለው። ደብዳቤው በቦታው ቀረ።

በ1957 ዓ.ም.፣ ሽማግሌው ዶክተር አገሩ ከገባ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ሁለት ሰዎች ወርደው ጠቅ ጠቅ የሚል መሣሪያ ይዘው በጉድጓዱ ዙሪያ ተመላለሱ። በርሜሉን አስወጥተው ጫኑት፣ ወረቀት አስፈረሙ። አንደኛው ሰው ጉድጓዱን እያየ «በሲሚንቶ ማድረጉን ማን አሰበው?» ሲል ጠየቀ። «ዶክተሩ» አለ ኤርካሎ። «መርፌዋንስ እንዴት አገኛችኋት?» ማስረዳት ሊጀምር ነበር፤ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ።

የዚያኑ ዓመት በበጋ ኤርካሎ በአውቶቡስ ወደ ቤሌ ወረደ። አሳየሽ በእኅቷ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጣ ለገበያ የሚወጣ ዝንጅብል ትመርጣለች፤ ግራ እጇ ሥራውን ለምዶታል። ቅቅል ቦይና ከዳጣ ጋር አቀረበችለት። የሣራን፣ የልጆቹን፣ የበሽተኛውን ሁሉ ጠየቀች። በመጨረሻ «ደገፉስ?» አለች።

«አለ።»

«አለ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይሠራል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱን ትቷል። ሰው ቤት ገብቶ አይበላም። ሰላም በልልኝ ብሎኛል።»

አሳየሽ አንዱን ዝንጅብል አፈሩን አራግፋ ወደ ቅርጫቱ ጣለችው። «በል ንገረው። ይቅር ብዬዋለሁ አላልኩም፣ ገና ነኝ። ግን በሰው አፍ ሰላምታ መላክ ምንድን ነው? የሚለው ካለ መጥቶ ይበለኝ።»

ኤርካሎ ሰኞ መልእክቱን አደረሰ። ደገፉ «ምን ልበላት?» አለው።

«እኔ ምን አውቄ። ሄደህ ፊቷን ስታይ ታውቀው ይሆናል።»

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደገፉ በሩ ላይ መጣ። የተተኮሰ ኮት ለብሷል። «አብረኸኝ ሂድ» አለው። ኤርካሎ በሳምንት የሚያርፈው ያችን አንዲት ቀን ነበር፤ እግሩም ያመው ነበር። ጫማውን አጠለቀ።

ቤሌ ሲደርሱ አሳየሽ ደገፉን አየችውና ወደ ውስጥ እንዲገባ በእጇ አመለከተችው። ኤርካሎ ከጥላው ሥር ቀረ። ድምፃቸው ይሰማዋል እንጂ ቃሉ አይለይም፤ አንዴ የእሷ ከፍ ይላል። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲነቃ ጥላው ዞሮ ፀሐይ እግሩ ላይ ደርሷል፤ እነሱ ገና ውስጥ ናቸው። ከመንገዱ ላይ የአውቶቡሱ ረዳት «ሶዶ! ሶዶ!» እያለ ይጣራል፤ ለዚያ ቀን የመጨረሻው ነው። ረዳቱ ኤርካሎን አውቆት «ጋሼ፣ አይሄዱም?» ሲል ከሩቅ ጮኸለት።

«ሂዱ» አለው ኤርካሎ በእጁ። እግሩን ከፀሐዩ ሰበሰበና እንደገና ተደገፈ።